ያልታወቀ እጅ

ትብሊሲ ከተማ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
የትንባሆ ነጋዴ በወርቅ ሲጠግብ
ያሠራው ቤት አለ፤
የእንጨት በረንዳው እንደ ጥልፍ የተንጠለጠለ።
ነጋዴው ሸሽቶ ሄደ፤ መንግሥት ቤቱን ሸነሸነ፤
አንዱ የግብዣ አዳራሽ የአራት ቤተሰብ ጎጆ ሆነ።
እኔ የተወለድሁት ከጣራው ሥዕል እኩሌታ ሥር ነው፤
የመልአኩ ክንፍ የእኛ፣ ፊቱ የእነ ሃይካኑሽ ነው።

ዛሬ ግድግዳው ፈርሶ፣ ቤቱ ሙዚየም ተብሎ፣
በየጥጉ ፎቶ ሰቅሎ፣
እኔ ናቴላ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ፣
ደመወዝ እየበላሁ ዘብ ሆኛለሁ ለቤቴ።
«እባክዎ፣ በእጅ አይንኩ» እላለሁ፤
እናቴ ሽንኩርት በከተፈችበት መስኮት ሥር እቀመጣለሁ።

እንግዶች ስድስተኛው ክፍል ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤
«ቫርላም ሩሩዋ» የሚለውን ያነባሉ፤
«የብርሃን ሰው» ይላሉ።
የብርሃን ሰው?
እኔ የማውቀው በጨለማው ነው።

ለአሥራ ዘጠኝ ነፍስ አንድ መታጠቢያ ቤት፤
ቅዳሜ ማታ ፎጣችንን ይዘን ስንሰለፍበት፣
ቫርላም ቀድሞን ገብቷል፤
በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ቀይ አምፖል አብርቷል፤
እኛ እድፋችንን ታቅፈን፣ እሱ ፎቶ ያጥባል።
ገንዳው ሙሉ ፊት፤ ሙሽራ፣ ሟች፣ ወታደር፣
በእኛ ተራ ሲዋኝ፣ በእኛ ሳሙና ዳር።
ሃይካኑሽ ታለቅሳለች፣ አባቴ ይሳደባል፤
«ሰው ሳይታጠብ ወረቀት ይታጠባል!»

አንድ ምሽት፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣
ነገ የትምህርት ቤት በዓል ነው፤ ነጭ ጥብጣብ ተኩሳልኛለች እናቴ፤
ፀጉሬ ለቅማሉ በነጭ ጋዝ ታሽቷል፤
ይሸታል፣ ያቃጥላል።
በሩን ደበደብሁ። ዝም። ደግሜ ደበደብሁ፤
ለሦስተኛው እጄን አነሳሁ፤
በሩ ድንገት ተከፈተና
እጄን እንዳነሳሁ አነሳኝ።
ዘጋው እንደገና።

ያ እጅ ነው እንግዲህ በጥቁር ፍሬም ውስጥ ያለው፤
ፊቴን ጨለማ በልቶታል፤ ጡጫዬን ብቻ ነው የተወው።
ከሥሩ «ያልታወቀ እጅ» ይላል።
አንዱ መጥቶ «ዓመፅ» ሲለው፣ ሌላው «ጸሎት» ይለዋል፤
ባለፈው ሳምንት ተማሪዎች ያመጣች አንዲት መምህርት
«የአንድ ትውልድ ጩኸት» ብላ እንባዋ መጣ፤ ራሴን ነቀነቅሁላት።
ምን ልበላት?
ጋዝ ነው፣ እመቤቴ፣ ቅማል ነው ልበላት?

ከእጄ ቀጥሎ፣ በግራ በኩል፣ አባቴ አለ።
ይስቃል።
ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል።
እኔ በዚህ ቤት አብሬው ሃያ ዓመት ኖሬ
አንድም ቀን እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም በጆሮዬ።
መቼ ሳቀ? ለማን? ከእኛ ተደብቆ?
ያን በር ሲራገም የኖረ ሰው፣ ከዚያው በር ሥር ወድቆ?
የቱ ቅዳሜ ታጠበ ይህ ሳቅ?
የማን ተራ ነበር? የእኔ ይሆን? ማን ያውቅ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንግዶቹን እሸኛለሁ።
መታጠቢያ ቤቱ አሁን የኔጋቲቭ ማከማቻ ነው፤
ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፤ ውሃው ከተቆረጠ ቆየ።
መብራቱን አጥፍቼ፣ ማንም እንዳላየ፣
በሩን ሁለቴ እመታለሁ፤
«ቫርላም፣ ተራዬ ነው!» እላለሁ፤
ከዚያ ጥቂት እቆማለሁ፣
እጄን እንዳነሳሁ።