ሦስተኛው መስመር

ጋሽ ጋቢሶ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ ጀርባ፤
ስድስቱን ቀን ጎማ ሲነፋ ይውልና፣ ጀንበር ስትገባ
እጁን በላርጎ ታጥቦ፣ ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀርቶ፣
ይገባል ቤተ ክርስቲያን፣ የጓሮውን በር ከፍቶ።

ሃርሞኒየሙ ሚሲዮኖች ጥለውት የሄዱት ነው፤
ሳንባውን አይጥ ቀዶት፣ እሱ ነው የጠገነው፣
በከመነዳሪ ቁራጭ፣ በማስቲሽ፣ በብዙ ዝምታ።
ሲነፋ ይወጣል፣ ከዜማው ጋር፣ የጎማ ሽታ፤
እኔን እስከ ዛሬ፣ ጸሎት ሲባል፣ ጎማ ይሸተኛል።

እግረ መንገዴን ነበር የገባሁት፣ ዝናብ ልጠለል ብዬ።
ጠራኝ፦ «እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ? ነይ እስኪ፣ እናትዬ።»
ከሣጥኑ ሆድ የወጣ ደብተር፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው፤
«ለኦርጋን ብቻ» ይላል። እንግሊዛዊ ነው የደረሰው፤
ስሙ ከጠርዙ ጋር ሄዷል፣ ዓመቱ ብቻ ተርፏል፣
በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ላይ ይውላል።

ሁለት መስመር ያውቃል ጋሽ ጋቢሶ፣ የቀኝና የግራ።
ይህ ሦስት ነው። «ይሄ የማነው?» አለኝ፣ ታችኛውን በጣቱ ሲያጣራ።
«የእግር ነው» አልኩት፣ «በነሱ አገር እግርም ይዘምራል።»
ጫማውን ቁልቁል አየ፦ «የኔ እግር ነፋስ ይረግጣል፤
ባነሳው ዜማው ይሞታል።
ለዚህ ሰውዬ፣ ነፋሱን ማን ይሆን የሚረግጥለት?»
አላወቅኩም። አግዳሚ ሳበ፣ በግራው በኩል አስጠጋት፦
«በቃ፣ እግር ሁኚልኝ።»

ክረምቱን እግር ሆንኩ፣ በአንድ እጅ፣ በሁለት ጣት፤
ድምፁ ረጅም፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ
ዳገት ላይ እንደሚያቃስት።
አባ ኮዳ ከላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ይራመዳል፣ እሱም በእግር።
ዝናብ ሲበረታ እናቆማለን፤
ሲያባራ፣ ካቆምንበት።
አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ገባ፦
«ቃል የለውም፤ ማንን ነው የሚያመሰግነው?»
ጋሽ ጋቢሶ ቀና አላለም፦ «ገና እያሰበ ነው።»

ከዚያ ከአዲስ አበባ ኪቦርድ መጣ፣ ከበሮ በሆዱ ያለ፤
ሃርሞኒየሙ ዕቃ ቤት ገባ፣ ከተሰበረ ወንበር ጋር ዋለ።
ጋሽ ጋቢሶን በጥቅምት ሳል ያዘው። ሪፈራል አስተኙት።
ለሱ ሳንባ የሚሆን ከመነዳሪ
አልተገኘም።

ዛሬ ዕቃ ቤቱን አስከፍቼ ተቀመጥኩ፤ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩ።
ላይኞቹን አልተማርኩም። የማውቀው የእግሩን ነው፤
እሱኑ ተጫወትኩ፣
እግሬ ነፋስ እየረገጠ፣
ቀኙ በሚገባበት ጠብቄ፣ ግራው በሚገባበት ጠብቄ፣
ባዶውን ቦታ ለባለቤቱ ለቅቄ።

ዘበኛው ዱካለ በሩን ተደግፎ ብዙ ሰማ።
«ይሄ ነገር» አለኝ በመጨረሻ፣
«መቼ ነው የሚጀምረው?»

ገጹን ገለበጥኩ።