ቁጥር አርባ አንድ

አባቴ ታንኳ የሚያስር ሰው ነበረ፤
ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በልጥ እየቋጠረ፣
ሦስት ወር ውሃ ላይ ኖሮ የሚበሰብስ
ሥራ ሲሠራ ኖሮ ሄደ፣ አፈር ሊለብስ።
እኔ ቱታ ለበስኩ።

ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ጋሽ ማናህሎ ግቢ፣ ጨረታው ሲገባ፣
"ስልሳ አግዳሚ፣ ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ለአውቶቡስ መናኸሪያ፤
ማድረሻ ኅዳር መጨረሻ" ይላል የወረቀቱ መጀመሪያ።

ሥዕሉ ሁሉን ይናገራል፤ የላሜራውን ውፍረት፣
የቱቦላሬውን ጎን፣ የቀዳዳውን ስፋት፤
ከፍታው አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር። የማንን ጉልበት ለክተው?
አልተጻፈም። "የሰው" አለ ጋሽ ማናህሎ፤ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ሻይ የምታቀርብልን ትርንጎ፣ ትሪዋን እንደያዘች፣
ገና ባልተቀባው ናሙና ላይ ዘፍ አለች።
እግሯ መሬት አልነካም፤ እንደ ልጅ እያወዛወዘች
"ተሳፋሪው ሰጎን ነው?" ብላ ሳቀች።
ከእግሩ አራት ሳንቲ ሜትር ቀነስን፣ ለማንም ሳንነግር፤
ከወረቀቱ የትርንጎን ጉልበት ማመን ሳይሻል አይቀር።

"ጣና ብረት ይበላል ልጄ፤" ይላል ጋሽ ማናህሎ፣
"በጥርስ አይደለም፤ በጤዛ ነው፤ ቀስ ብሎ።
ከሥሩም ሁለቴ ቀቢው፤ ማን ያያል ብለሽ አትዝለዪ፤
ወንበር ተገልብጦ ነው የሚመረመር፤ ገልብጠሽ እዪ።"

መብራቱ ቀን ቀን ይሄዳል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲመለስ
ስልኬ ይጮኻል፤ "ተነሽ፣ መጣ!" ቱታዬን በጨለማ ስለብስ
ውሻው እንኳ ለምዶኛል። ኤሌክትሮዱን ነካ ሳደርገው
ግቢው ቦግ ይላል፤ ጎረቤት በመስኮት፣ "መብረቅ ነው?"
ስንዱ ነኝ፤ የታንኳ አሳሪው ልጅ፤
እሱ በልጥ፣ እኔ በእሳት፤ ሁለታችንም ያው በእጅ።

አርባ አንደኛው ላይ፣ ከመሐለኛው መቀመጫ ሥር፣
ስፌቱ ሊያልቅ ጣት ሲቀረው እልም። ጨለማ። አንዲት የፍም ክር
ትንሽ ቀልታ ጠፋች። ሲነጋ ቸኩዬ ዘጋሁት፤ አበጠ።
"ፍጪው" ተባልኩ፤ መብራቱ ግን ከአፉ ቀድሞ አመለጠ።
ቀይ አንቲረስት፣ ከዚያ ግራጫ፤ ሌላ ሥራ መጣ፤
እባጩ ከነጉድፉ በአይሱዙ ተጭኖ ወጣ።
አባቴ ታንኳውን በአንድ ትከሻ ነበር የሚሸከመው፤
ይኼን አራት ሰው ጫነው።

የገና ሰሞን መናኸሪያ ሄድኩ፣ ሥራዬን ላይ፤
ቀትር ነው፤ ጣራው ያልደረሰበት ረድፍ ላይ፣ ፀሐይ።
ከቀዳዳው ሥር ያለው ጥላ በወንፊት የተነፋ ይመስላል፤
አንድ ኬሻ ሽንኩርት አግዳሚዬ ላይ ተደላድሏል፤
ባለቤቱ መሬት ላይ፣ ካርቶን አንጥፎ፣
ጀርባውን እኔ በበየድኩት እግር ተደግፎ።
"ለምን አትቀመጥም?" "ይፋጃል እኮ! ምን በወጣኝ?
ሽንኩርቱ አይሰማው።" የምመልሰው ጠፋኝ።

ሥዕሉ ስለ ባሕር ዳር ፀሐይ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁ፤
ሌሊት የሠራሁትን ቀን እንደሚቀመጡበት ረሳሁ።

በማግስቱ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ተመለስኩ፤
ከሐይቁ የሚነፍሰው ይቆነድዳል፤ አርባ አንድን በጨለማ እየዳበስኩ
ስደርስ፣ አንዲት ሴት አለችበት፣ ሕፃን ታቅፋ፣
ከነተረከዟ መሬት ረግጣ፣ ተደግፋ።
ልጁ ትንሽ ጣቱን በቀዳዳው ይሰዳል፤ ያወጣል፤
አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው፤ ቆጠራ የያዘ ይመስላል።

"ዳንግላ! ኮሶበር! ቡሬ!" ረዳቱ ሲጮህ ተነሣች፤
ዘወር ብላም አላየች፤ ሄደች።

ጎንበስ ብዬ ከሥር ዳሰስኩ፤ እባጩ አለ፤ ያልተፈጨው።
ከላይ ግን ብረቱ፣ እሳት ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳይመታው፣
ሞቋል።
እስኪበርድ ተቀመጥኩበት።

ቀሪው ሠላሳ በመቶ ክፍያ እስከ ዛሬ አልመጣም፤
"ነገ ነይ" ይሉኛል። ግድ የለም፤ መጠበቂያ አላጣም።