እንቅልፍ ያገኘንበት ዓመት

ላ ኔብሊና ላይ፣ ጉም በሚተኛበት በጣሪያው ክዳን፣
ሌሊት ጆሯችን እንጂ ዓይናችን አልነበረም የሚጎዳን።
ከድንጋይ ስር፣ ከቅጠል ጓዳ፣ ከጅረቱ ዳር
አንዱ ሲያፏጭ፣ አንዱ ሲያንኳኳ፣ አንዱ ሲጀምር
ሌላው ሲቀበል፣ እስኪነጋ ድረስ ሙግት ነው ነገሩ፤
ሺህ እንቁራሪት፣ ሺህ ጠበቃ፤ ዳኛ አልባ ችሎት፣ የማይዘጋ በሩ።

እኔ በጤና ጣቢያው በማይክሮስኮፕ ደም አነባለሁ፤
ቀን ዓይኔ ሲቃጠል ይውላል፣ ማታ እንቅልፍ እሻለሁ።
ስንት ሌሊት ተነሳሁ
በባዶ እግሬ፣ በፋኖስ፣
የፈላ ውሃ በጣሳ ይዤ፣ ከአጥሩ ስር ላፈስ።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ይጻፍ፤ ይነበብ።
አንዱን ዝም ባሰኝ፣ ዐሥሩ ይነሳል ከወዲያ ሲከብብ።

ከሁሉም አንዱ ነበር፣ ቢጫው፣ እንደ ወርቅ ቀለበት ከአለት ላይ የሚበራ፤
ፏፏቴው ድምፁን ስለሚውጥበት፣ ወዳጁን ሲጣራ
እጁን ያነሳል። አዎ፣ እጁን። ቀስ አድርጎ ያወዛውዛል፤
ከማዶ እንደቆመ ሰው፣ “አለሁ፣ እዚህ ነኝ” ይላል።
ሎተሪ ሻጯ ኤኔይዳ ሥዕሉን ከቲኬቶቿ በላይ ለጥፋ
“ያየው ሰው ዕድል አይርቀውም” ትል ነበር፣ ከገበያው በር አርፋ።

በአንድ የዝናብ ወር በቆዳቸው ላይ ሻጋታ መጣ፤
በማን ጫማ፣ በማን ጭነት፣ ያወቀ ሰው ታጣ።
መጀመሪያ አንድ ሁለት ተንጋለው፣ ነጭ ሆድ ወደ ሰማይ፤
ቀጥሎ ጅረቱ ሙሉ፣ እንደ ረገፈ አበባ፣ ከድልድዩ ሲታይ።
ቀጥሎ ምንም።

ያን ሌሊት መንደሩ በሙሉ ተኛ።
ጧት ተገናኝተን ሳቅን፤ “እፎይ” አልን፣ “ተገላገልን እኛ።”
ባልና ሚስት ታረቁ፤ ሕፃናት ጠገቡ እንቅልፍ፤
እኔም የጣሳዬን ውሃ ለገላዬ አዋልኩት፣ ልቤ ሲያርፍ።
ችሎቱ ተዘጋ፤ ክሱ ተነሳ፤
ተከራካሪው ሞቷልና ማን ይግባኝ ያንሳ?

ግን በኩሬው፣ በበሬ ኮቴ በተረገጠ ጭቃ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ
የትንኝ እጭ ነበር፣ የሚለቅመው አፍ ሲጠፋ የሚቅበጠበጥ።
የጅረቱ ድንጋይ አረንጓዴ ለበሰ፤ የሚግጠው የለ፤
እባቡም ጦሙን እያደረ ከሳ፣ ገመድ መሰለ።
እኛ “ጩኸት” ያልነው
ለካስ ሥራ ነው።

በአራተኛው ዓመት ከመስኮቴ ስር ሰልፍ ሆነ፤
በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ የደረበ፣ የገረጣ፣ የመነመነ።
ጣት እወጋለሁ፤ ጠብታ፤ ስላይድ፤ ቀለም፤ ዓይኔን አስጠጋለሁ፦
በደሙ ክብ ውስጥ ደቃቅ ቀለበት። ወባ። እቆጥራለሁ።
የአብዲኤል ደም ነበር አንዱ፤ የኤኔይዳ ልጅ፣ አምስት ዓመቱ፤
ቲኬቷን በትና አዝላው መጣች፣ እንደ ፍም ነዶ ደረቱ።
“ዕድሌ ስንት ነው?” አለችኝ፤ ቁጥር ሻጭ ናትና በቁጥር ጠየቀች፤
አፌ መልስ ሳይሰጣት ከፊቴ አነበበች።

ዳነ። መድኃኒት ነበረን። የሁሉም ቤት ግን አልዳነም፤
ስማቸውን መዝገቡ ያውቀዋል፤ እዚህ አልጽፈውም።

ያገገመ ዕለት፣ ልጁ ከደጄ ቆሞ፣
የእናቱን ሥዕል ጠቁሞ፣
“ይሄ ምን ብሎ ይጮኻል?” አለኝ።
ስንት ሌሊት በእሱ ሳልተኛ ያደርኩ ሰው፣ ጉሮሮዬ ከዳኝ።
ሞከርኩ፤ ሳል ወጣኝ፤
ሳቀብኝ።

ከተማው ውስጥ አንድ ሆቴል አለ፤ ተመራማሪዎች ከሞት ያስቀሩትን
በመስታወት ሣጥን፣ በእርጥብ ወረቀት፣ ሁለት ሁለት አርገው ያኖሩትን።
እሁድ ይዤው ሄድኩ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢጫው ከጥግ ተቀምጧል፤
ፏፏቴ የለም እዚያ፤ ድምፅ የሚውጥ የለም፤ ሹክ ቢል ይሰማል።
እሱ ግን እጁን አነሳ፣ ቀስ አድርጎ።
አብዲኤልም የራሱን አነሳ፣ መዳፉን ከመስታወቱ አስጠግቶ።

እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።