ገና ነው

ኤቫሲዮ፣
በየጠርሙሱ ሆድ፣ በነጭ ጠመኔ፣ “ገና” ብለህ ጽፈህ፣
አሥራ አንዱን ባሮሎ ከምድር ቤት አሸዋ በጎኑ አሳርፈህ፣
ቁልፉን በሱሪህ ኪስ እንደያዝህ አለፍህ።
ለቀብር ልተኩሰው ሱሪውን ሳነሣ
ቃጭል ብሎ ወደቀ፤ ከምድጃው ጥግ ውሻው ተነሣ፣
አንተ የመጣህ መስሎት።

ሮሚልዳ የተወለደች ዓመት የተጨመቀ ነው።
ስትቆርብ እንቅመሰው አልሁህ፤ ከጀርባው ሻማ አብርተህ
“ድድ ይጨብጣል ገና” አልህ፤ እንደ ሕፃን መልሰህ አስተኝተህ።
ስታገባ አልሁህ፤ “ሙሽራው ቢራ ጠጪ፤ በከንቱ ይባክናል!”
ስትፈታ አልሁህ፤ “ለኀዘን አይከፈትም፤ ወይኑ ይቀየማል።”
ለገና እንክፈተው ስልህ፣
“ገና ነው” ትላለህ፤
የትኛው ገና እንደሆነ ሳልለይ
ስንት ገና አለፈ በላያችን ላይ።

ኦሬስቴ ቸኩሎ የእሱን በስምንት ዓመቱ ከፈተ፤
ጥርሱ ጠቁሮ፣ ምላሱ ታስሮ፣ ሚስቱን ሳያናግር ሰነበተ።
ዶን ጓልቲዬሮ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አቆዩ፤
ለጳጳሱ ጉብኝት ቢቀዱት ቡናማ እጣቢ አዩ።
ጳጳሱ ጨዋ ናቸው፤ “እጅግ ግሩም” አሉ፤
ቄሱ ግን ከቤታቸው አልወጡም ሳምንቱን ሙሉ።

አንተ ከሁለቱ ተምረህ
“አንዲት ቀን አለችው” ትል ነበር እርሳስህን ስለህ፤
“ከእሷ በፊት ዲዳ፣
ከእሷ በኋላ ሬሳ።”
ያችን ቀን በደብተር ስታሳድዳት፣ ስትደምር፣ ስትቀንስ፣
የእኔም ፀጉር ነጣ፣ የአንተም ልብ ጀመረ ማነከስ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። በዓል አይደለም። የማንም ልደት አይደለም።
ጭጋጉ የወይን ማሳውን ውጦ ደጃፌ ላይ ቆሟል።
የውሃው ፓምፕ ተሰብሮ ከአልባ ጠጋኝ አስጠራሁ፤
ዴልፊኖ ይባላል፤ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።
ሦስት ሰዓት ከጉድጓዱ ገብቶ
ወጣ ተጠምቶ።
“ሲኞራ፣ ውሃ ይኖርዎታል?” አለኝ፤ ያኔ ሳቅሁ።
“ውሃ ቢኖርማ ልጄ፣ መች አንተን ጠራሁ!”

ወረድሁ ምድር ቤት። ጉልበቴ አሥራ ሦስቱን ደረጃ ቆጠረ።
“ገና”ህን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ ዱቄቱ እጄ ላይ ቀረ።
ቡሹ ተሰበረ፤ ግማሹን ጎተትሁ፣ ግማሹ ውስጥ ገባ፤
በአይብ ማጥለያ ሻሽ ቀዳሁት፤ ሽታው የተዘጋ ክፍል፣ የረጠበ ካባ።
ቀለሙ የጡብ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ዝጓል።
“ሞቷል” አልሁ በልቤ፤ “ባለቤቱን ተከትሏል።”
ዴልፊኖ ግን ጠምቶታል፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤
“ጥሩ ነው” አለ፤ አፉን በክንዱ ጠርጎ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ።

የእኔን ብርጭቆ ረስቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ።
(ስንት ደቂቃ እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ደብተር ያዡ አንተ ነህ።)
በሩ ሳይከፈት ሰው የገባ መሰለኝ።
የደረቀ ጽጌረዳ። ከሥሩም ትኩስ ሬንጅ።
መንገድ ሠራተኛ ሳለህ፣
በዚያ ሬንጅ በነካው ጃኬትህ፣
ከዶን ጓልቲዬሮ አጥር የሰረቅሃትን አበባ በኪስህ አጥፈህ፣
እናቴ እንዳታይህ ከዶሮ ቤቱ ኋላ እንደቆምህ።
ቢላዋውን አስቀመጥሁ።
ቀስ ብዬ ጠጣሁ።

ያችን ቀን አገኘኋት ልልህ አልችልም፤
ከትናንት በስቲያ ትሁን፣ ከዐሥር ዓመት በፊት፣ አላውቅም።
ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ሳሳ፣ ቀዘቀዘ፤
የቀረውን ለሾርባው ጨመርሁት፤ ትቆጣለህ፣ አውቃለሁ።

ቧንቧው አስነጠሰ።
ዝገት ያቀላው ውሃ፣ ልክ እንደ ወይንህ፣ ባልዲዬ ውስጥ ፈሰሰ፤
ቆይቶ ጠራ።
ዴልፊኖ ሂሳቡን ነገረኝ፤ ውድ ነው፤ ከፈልሁ።

አሥር ቀርቷል። ጠመኔህን ከመስኮቱ ደፍ አገኘሁ፤
በሚቀጥለው ጠርሙስ ላይ “ገና”ን አጥፍቼ “ማክሰኞ” ብዬ ጻፍሁ።
የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ
አልጻፍሁም።