ወፍራሙ ክር

ገና ሊገባ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣
የቴይ ወንዝ ነፋስ ዳንዲን ይገርፋታል።
ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ከፊንሌይ ሱቅ ጓዳ፣
ገባን ተራ በተራ፣ ከነሣጥን ከነዕዳ።
(ሩዋሪ የአምናውን ሃያ ፓውንድ እስካሁን አልከፈለኝም።)

ስድስታችንም ቤዝ ጊታር ነው እንጀራችን።
ባንድ የሚፈልገው አንድ ቤዝ ነው፤ ሁለት አይሸከምም፤
ስለዚህ እኛ ስድስቱ አብረን ተጫውተን አናውቅም።
አንዱ ሲመታ፣ ሌላው ሌላ አዳራሽ አምሽቶ፣
እንደ ሰፈር ዘበኛ፣ በፉጨት ብቻ ተግባብቶ።

አውቶቡስ ነጂዋ ሞራግ ድስት ይዛ መጣች፤
«ክር ቀቀልኩ» አለች፣ ክዳኑን እያነሳች።
የሦስት ዓመት ላብ ያዘለ ክር ሩብ ሰዓት ሲንተከተክ
ድምፁ ይጠራል ይባላል። ድስቱ ግን የሾርባ ነው፤
ባሏ አያውቅም። ለእናንተም አደራ ነው።

ሩዋሪ አምፕሊፋየር ገዝቷል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሐራጅ፤
ክብደቱ እንደ ጥጃ፤ ሁለት ጫኝ ይፈልጋል፣ ሁለት አውራጅ።
የታክሲ ሬዲዮ ይጠልፋል፤ በጸሎቱ መሐል፣
«አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ሰው ቆሟል» ይላል።
ፓስተሩ የሸጡት ለዚህ ነው። ሩዋሪ ግን ወዶታል።

ከዚያ ወሬው ወደ ሸክላ ዞረ።
የኔ ምርጥ አልበም ሽፋን የለውም፤ ስሙም ጠፍቶኛል፤
በሁለተኛው ገጽ፣ ቤዙ አንድ ቦታ ይሳሳታል፣
ግማሽ ትንፋሽ ይዘገያል።
አርባ ዓመት ሰማሁት፤
አሁን የምጠብቀው ስህተቱን ነው፤ ዘፈኑ ቢቀር ይቀራል።

ኢሽቤል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን በስልኳ ትሰማለች።
«በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ቤዝ ይወጣል እንዴ?» አልናት።
«አይወጣም» አለች፣
«የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ።»
ዝም አልን። ፊንሌይ መነጽሩን ጠረገ።

የዘመን መለወጫ ሌሊት፣ ማን የት ነው?
ሞራግ አርብሮዝ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ክበብ፤
ሩዋሪ ሆቴል ውስጥ፣ ሦስተኛ ሰርጉን ለሚደግስ ሙሽራ፤
ፊንሌይ ከአረጋውያን ቤት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣
እኩለ ሌሊት ብለው የሚቆጥሩት በፀሐይ።

ሎክላን ግን አልተናገረም።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል
ተቋጥረዋል፣ ተጣመዋል።
ሣጥኑን ሲከፍት ልውውጥ መስሎን ተጠጋን፤
ያ ቡናማው ቤዝ ነው፣ አውራ ጣቱ ቀለሙን በልቶ
እንጨቱን ያወጣው።
አንስቶ ኢሽቤል ጭን ላይ አኖረው።
«የኔ አዳራሽ ብርድ ነው፣ ካልሲ ደርቢ።
ከበሮ መቺው ይቸኩላል፤ አንቺ አትቸኩዪ።
ክሩን ብቻ እንዳትቀቅዪብኝ።»
ሞራግ ድስቷን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

ማን እንደሆነ እንጃ፣ «አንዴ አብረን እንሞክረው» አለ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሆናል፤
ክር ቢያብር ግን ጭቃ ነው!
መስኮቱ ተንዘረዘረ፣ ጣሳ ውስጥ ያለው ቡሎን ጨፈረ፣
ታክሲዋም ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ አድራሻ ጠየቀች።
ዳቦ ጋጋሪው ተቆጥቶ ግድግዳውን ደበደበ፣
ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሳያስበው በልኩ፤
ሎክላን ጆሮውን ከግድግዳው አስጠግቶ
«ይኸውላችሁ» አለ፣ «የማይቸኩል ከበሮ መቺ።»

እኔን ዘንድሮ የጠራኝ የለም።
የዚያን ሌሊት ከሎክላን ጎን፣ ከአዳራሹ በር አጠገብ፣
ኮቴን ሳላወልቅ እቆማለሁ።
ሌላ ሰው ቤዝ ሲመታ ቆሜ ሰምቼ አላውቅም፤
እጄን የት እንደማደርገው እንኳ አላውቅም።
መግቢያው ሃያ ፓውንድ ነው አሉ።
ሩዋሪ ይክፈል።