ልክ

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ አቶቴ መንገድ ዳር፣ ከዚች መኪና ጋር፣
ያንዱን ቤት ከሌላው ሳልለይ፣ የመዘምራን ጋውን ስሰፋ ሳድር።
የኛን ኳየር ትከሻ፣ የነሱን ኳየር ደረት
ባንድ ሜትር ለካሁት፣ ባንድ ደብተር ጻፍኩት።
ሐይቁም እንደዚያው ነው፦
እኛ ሦስት ስም ጠርተን ካጠመቅንበት ፈቀቅ ብለው
እነሱ ባንድ ስም ይጠልቁበታል።
ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ያዞራል እንጂ
"የማን ጥምቀት ነው?" መቼ ይላል።

ዘንድሮ ግን ምርጫ መጣ። መምህር ባራሶ፣
ምልክቱ መሰላል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ፀሐይ ቀምሶ፤
ያ የኦንሊ ጂሰሱ፣
ልጄን ክፍልፋይ ያስገባው ብርቱካን ቆርሶ፤
ዘነበች በምጥ ስትያዝ፣ ሌሊት፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣
አዳሬ ያደረሰልኝ የሰው መኪና አስነስቶ።

ቅዳሜ ሽማግሌ ዳንጊሶ መጡ፣ ሱሪ ሊያሳጥሩ።
ቁመታቸው ቀንሷል፤ ድምፃቸው ያው ነው ሲናገሩ፦
"ሰውየው ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱን ማን ካደ?
ሥላሴን የካደ የሾመ ሕዝብ ግን የት ሄደ?
ዛሬ በመሰላል ወንበር ላይ ብታወጣው
ነገ ልጅህ ነው ትምህርቱን ይዞ ቤትህ የሚመጣው።"
እኔ መርፌ ባፌ ነበር።
መርፌ ባፉ የያዘ ሰው መልስ አይጠየቅም፤
እንዲህ ያለ ሙያ፣ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ፣ የትም የለም።

ከድር ጣቃ ጨርቁን አውርዶ ደረሰኝ ሲጽፍ ሰምቶ ሳቀ፦
"እኔማ አብሮኝ የሚሰግድ ዕጩ አይቼም አላውቅ።
አምስት ጊዜ መረጥኩ፣ አምስቱንም ከማይመስለኝ፣
መንገዱን ይሠራል ወይ ብዬ ብቻ ስጠይቅ።
አንተ ገና ዛሬ ጀመርከው፤
ይለመዳል፣ አትሳቀቅ።"
ሽማግሌው አልሳቁም።
ሱሪያቸውን ሁለት ሴንቲ አሳጠርኩት።

ሲመሽ ራሱ መጣ፣ ኮት ሊያስጠብብ፣ ቅስቀሳው አክስቶት።
ትከሻ አርባ ስድስት። ወገብ፣ ከአምናው አራት ሴንቲ ጎድሎት።
ድምፅህን ስጠኝ አላለም።
ልጄ ዛሬም ብርቱካን ይወድ እንደሆነ ጠይቆኝ ወጣ።

ሰኞ፣ ትምህርት ቤቱ በር፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ፤
ከፊቴ የኳየር መሪያችን፣ ዓይኑን መሬት ቀብሮ፤
ከኋላዬ የዳንጊሶ ምራት፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ።
ጥፍሬን ቀለም ነከሩኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ።
እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል።
መሰላሉን አየሁት፤ ስድስት እርከን አለው፣ ቆጠርኩት።
ከጎኑ ጃንጥላ፤
ባለቤቱን በመልክ አላውቀው፣ "የኛ ነው" ተብሏል እንጂ።
ቆጠርኩት ደግሜ። ስድስት።
ውጪ አንድ ሰው ሳለ።
እጄ የሄደበት ሄደ።

ማክሰኞ ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፦
ጃንጥላ፣ ስድስት መቶ አሥራ አራት፤
መሰላል፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ።
የነሱ ጉባኤ፣ ጋውናቸውን ስለሰፋሁ አውቃለሁ፣
ከነሕፃናቱ መቶ አርባ ቢሆን ነው።
ሌላው ከየት መጣ?
ከየት ይመጣል፣ ከኛው ነው!
ከኛው ወንበር፣ ከኛው መዝሙር፣ ነጠላዋን ከሳበችው፣ መሬት ካየው።
ቀልዱ ግን ለምሳ ሳይደርስ ከተማውን አዳረሰ፦
"ሦስቱን ክዶ በሦስት ወደቀ!"
ባጃጁ ሁሉ ሲያወራው ዋለ፤ ሽማግሌው ሳይቀሩ ሳቁ።

እሑድ ለአምልኮ እጅ ሲነሳ፣
አዳራሹ ሙሉ ሐምራዊ ጥፍር።
ቀለም ማን እንደመረጠ እንጂ
ማንን እንደመረጠ አይናገር።
የኳየር መሪው አየኝ፤ ሊስቅልኝ ሞከረ፣
ከነሱ መስየው መሰለኝ።
ዝማሬውን ትቼ ጫማዬን አየሁ።

ትናንት ኮቱን ሊወስድ መጣ።
መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ዞሮ፣
"ልክ ነው?" አለኝ።
መርፌ አንስቼ ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፤
የሚጠቀም ነገር ሳይኖር።