የቱቦዎቹ ስም

ሰኔ ሳይገባ ነው፤ ደመናው ጅሬን ላይ
ገና ሳይከማች፣ ሳይጠቁር ሰማይ፣
ሃምሳ አለቃ ነዚፍ ብረቱን ያወጣል፤
ሄርማታ መርካቶን በጉልበቱ ይለካል።
ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ የቀረች ፍንጣሪ
ከሬዲዮው በፊት ናት ዝናብ ተናጋሪ።

ያችው ቀጭን ብረት፣ አንድ ክንድ ከስንዝር፣
ፈንጂ የጠየቀች በዛላንበሳ አፈር፣
ዛሬ የምትጠይቅ ፌስታልና ጭቃ፣
የሸንኮራ ልጣጭ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የተጣለ ዕቃ።
አወጋጉ ያው ነው፤ በሰያፍ፣ በዝግታ፣
ጉልበቱ መሬት ላይ፣ ትንፋሹ ጸጥታ።
ከኋላው ጥሩወርቅ፣ አስር አለቃዋ፣
ያኔ ፋሻ ነበር፣ አሁን አካፋ ጓዟ፤
ጓንት ታድላለች፤ ያላጠለቀ ልጅ
ካየች፦ «ብረት ነው ወይ የአንተ ብቻ እጅ?»

እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ነኝ፤ ወጣት።
መዝገብ ተሸክሜ መጣሁ አንድ ጠዋት።
«ቱቦ ልመዘግብ፣ ቁጥር ልሰጣቸው»
አልኩት። ቀና ሳይል፦ «ሁሉም ስም አላቸው።
ከድልድዩ ማዶ፣ ጠባቡ፣ ቱሉ ነው።
ከወፍጮው ሥር ያለው፣ ሁሌ የሚያጉረመርመው፣
እሱ አንጁሎ ነው። መስጊዱ ጥግ ሸምሱ።
አጥናፉ እታች ነው፤ ሲሞላ ክፉ ነው፤ ተጠንቀቅ ለእሱ።»

ጻፍኩ። የመሰለኝ የሠፈር ቅጽል ስም።
እኔም አልጠየቅኩ፤ እሱም አልነገረኝም።

ክረምቱ ሲገባ ሠፈሩም ለመደ፤
«ቱሉ ታፈነብን!» እያለ ወረደ
አንድ ፍሬ ልጅ፣ በባዶ እግሩ፣ በሩጫ።
«አንጁሎስ ደህና ነው?» ይላል ባለባጃጁ።
ከድጃ ስኳሯን ልታነሳ ከደጁ፦
«አጥናፉ ምን አለ?»

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዳራሽ ሞላና
ለጡረተኛ ወታደር ተሰናዳ ምስጋና።
ሪባን፣ ለስላሳ፣ የሚጮህ ማይክራፎን፤
ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ ወንበሩ ባዶውን።
ጥሩወርቅም የለችም።
ጣሪያው ላይ ዝናቡ ንግግሩን ዋጠ፤
ወረቀቱም ለእኔ፣ አድርስለት ተብሎ፣ በፕላስቲክ ተሰጠ።

አዌቱ ዳር ደረስኩ ሱሪዬን ሰብስቤ፤
እሱ እስከ ወገቡ፣ እኔ ወረቀት አንግቤ።
አጥናፉ አፍ ገብቶ ግንድ ይጎትታል፤
«አይዞህ፣ ደርሻለሁ፤ አሁን ይለቅሃል፤
ትንሽ ነው የቀረው፤ አይዞህ የኔ ወንድም።»

ለቱቦ እንዲህ አይባልም።

ዞር ብዬ አየኋት። ገመድ ይዛለች።
«ያኔ ስንደርስለት ረፍዶ ነበር» አለች፤
«የአራቱንም ዓይን በዚህ እጄ ከደንኩ።»
ከዚያ በላይ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩ።

ወረቀቱን አየ፣ ጭቃ እጁን ሳይሰድ።
«ስሜ አለ?» «አለ።» «የእነሱስ?»
ዝም አልኩ።
«በል ጠጋ በል፤ ያዝ ይሄን ገመድ።»

ጃኬቴን አወለቅኩ። ገመዱ ይሞቃል
ከጥሩወርቅ መዳፍ።

በነጋታው ጠዋት፣ «ሁኔታ» ይላል ዓምዱ።
ቱሉ፦ ክፍት። ሸምሱ፦ ክፍት።
አንጁሎ፦ ያጉረመርማል፤ ልማዱ።
አጥናፉ፦ ግንድ ነበር። በሰዓቱ ተደርሶለታል።